የታፔላው ጽሑፍ የማን እጅ ነው

ናይሮቢ፣ ጥቅምት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት አጎቴ ለጋሼ ዳባ፤

የጌታ ሰላም ከእርስዎና ከእቴቴ ሎሚ ጋር ይሁን። ጤናዎ እንዴት ነው? የእቴቴ ጉልበትስ ተሻላት? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ናይሮቢ ዝናብ ጀምሯል፤ ከቤት እስከ ሥራ ሁለት ሰዓት መኪና ውስጥ እቀመጣለሁ እንጂ ሌላ የሚያማርር ነገር የለብኝም።

ይህን ደብዳቤ በባለ ማተሚያዋ በሶፊ ቴሌግራም ነው የላክሁት፤ እሷ አትማ ትሰጥዎታለች። ስልክ ይያዙ ብዬ ስንት ጊዜ ለምኜዎታለሁ፤ እርስዎ ግን ነገሩን በወረቀት ካላዩት የተነገረዎት አይመስልዎትም።

ጋሼ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎት ነው። እናቴ ሞታ በሰባት ዓመቴ ወደ እናንተ ቤት ስመጣ መጀመሪያ ያስያዙኝ ብሩሽ ነበር። ጭነት መኪና ጎን፣ ስፖንዳው ላይ የሚጽፉትን ያንን ወፍራም ጽሑፍ ሰሞኑን ደጋግሜ አስበዋለሁ። ሚኤሶ ጎሚስታው በር ላይ፣ ቦርደዴም ሻይ ቤቱ ላይ የጻፉት እስካሁን ካለ ፎቶውን ይላኩልኝ። ቢቻልዎት ደግሞ ፊደሉን በሙሉ፣ ከሀ እስከ ፐ፣ በዚያው አጻጻፍ ይጻፉልኝ። የምሠራበት ቢሮ ማሸጊያና ማስታወቂያ እንደሚነድፍ ያውቃሉ። ይኼ ግን ለሥራ አይደለም፤ ቤቴ ግድግዳ ላይ ልሰቅለው ነው።

ተባረኩልኝ።

ልጅዎ እሴት


ጭሮ፣ ኅዳር 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለእሴት፤

ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ እንደምን ሰነበትሽ? የጌታ ጸጋና ምሕረት በሰው አገር ይሸፍንሽ። እኛ ስሙ ይባረክ፣ አለን። ሎሚ ጉልበቷ እያመማትም ከጸሎት ፕሮግራም አትቀርም፤ «ሳምኩሽ በላት» ብላለች።

እንዳልሽው ማክሰኞ ዕለት ሶፊ ሱቋን ዘግታ አብራኝ ሚኤሶ ወረደች፤ ፎቶ የሚያነሳው ስልክ የእሷ ነዋ። ሙቀቱን ታውቂዋለሽ። ጎሚስታው ጋ ስንደርስ ታፔላዬን አጣሁት፤ በላዩ ባነር ተሰቅሎበታል። ሰውዬው ግን አስታወሰኝና ባነሩን እንደ መጋረጃ ገለጥ አድርጎ አሳየኝ። የዛሬ ሃያ ዓመት የጻፍኩት «ጎማ ይጠገናል» ከሥሩ አለ። ፀሐይ ስላልነካው ቀለሙ ከሌላው ሁሉ የተሻለ ነው። ቦርደዴ ደግሞ የሻይ ቤቷ ባለቤት «ፌስቡክ ላይ ልታወጡኝ ነው?» ብላ ከለከለችን። ሶፊ ሁለት ሁለት ብርጭቆ ሻይ ካዘዘች በኋላ ነው የፈቀደችልን።

ሶፊ ባነር ማተሚያ ከከፈተች ወዲህ በእጅ የሚያስጽፍ ሰው ጠፍቷል። ዘንድሮ ሦስት ታፔላ ብቻ ነው የሠራሁት። እሷም የምታፍርበት ይመስለኛል፤ የተበላሸ ባነር በነፃ ትሰጠኛለች። ፊደሉን የጻፍኩልሽ በዚያ ጀርባ ላይ ነው። ድሮ ቢሆን በሁለት ቀን የሚያልቅ ነበር፤ አሁን ዘጠኝ ቀን ፈጀ። ለግድግዳ ከሆነ ግን ጥድፊያ የለውም ብዬ ነው።

አንድ ነገር ልለምንሽ፤ ጫፉ ጠፍጣፋ የሆነ ጥሩ ብሩሽ እዚያ ካለ፣ ሰው ስታገኚ አንድ ላኪልኝ። እዚህ የሚሸጠው ፀጉሩ እየተነቀለ ቀለም ውስጥ ይቀራል።

ጌታ መንገድሽን ያቅናልሽ።

አጎትሽ ዳባ


ናይሮቢ፣ ታኅሣሥ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ ዳባ፣ ሰላምና ጤና ይብዛልዎት፤

ፎቶዎቹም ፊደሉም ደርሰውኛል። እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ፊደሉን ግድግዳዬ ላይ ሰቅዬዋለሁ፤ የሚመጣ ሰው ሁሉ ያደንቀዋል። ብሩሹን ሰው ሳገኝ እልካለሁ። ሥራ ስለበዛብኝ ዛሬ ያጠረብኝን ይቅር ይበሉኝ።

እሴት


ጭሮ፣ የካቲት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለእሴት፤

የጌታ ሰላም ይብዛልሽ። ሁለት ወር ሙሉ ድምፅሽ ጠፋብን። ሎሚ «ታማ ይሆናል» ትላለች፣ እኔ «ሥራ ነው» እላታለሁ። ደህና ነኝ የምትል አንዲት መስመር ብትልኪ ይበቃናል።

ዛሬ የምጽፍልሽ ግን የደረሰብኝን ነገር ለማን እንደምነግረው ስላጣሁ ነው። የበደሳው ቡና ነጋዴ ዘይኑዲን ለአዲሱ መጋዘኑ ታፔላ አዞኝ ነበር፣ በአማርኛና በቁቤ። እዚሁ ቤት ሠርቼ፣ ሚኒባስ ጣሪያ ላይ አስሬ ወሰድኩለት። የገበያ ቀን ስለነበር ሰው ከበበን። ዘይኑዲን ታፔላውን አየት አደረገና ስልኩን አወጣ።

«ጋሽ ዳባ፣ ይሄ ጽሑፍ እኮ ከስልክ የሚወርድ ነው።»

«ምን ማለትህ ነው?» አልኩት።

«ይኸው፣ ተመልከት። ፎንት ነው። ‹መንገድ› ይሉታል። ቴሌግራም ላይ በነፃ ይበትኑታል። አንተ በእጅ ነው ብለህ ያመጣኸው ይኼንኑ ነው። ከዚህ ገልብጠህ በእጅ ሥራ ዋጋ ትሸጥልኛለህ?»

አየሁት እሴት። የእኔ መ ነው፣ የእኔ ሰ ነው። ሆዳቸውን የምነፋበት እንኳን ራሱ ነው። ምን ልበል? በጌታ ስም ማልኩለት። «በእጄ ነው የጻፍኩት፣ ከማንም አልገለበጥኩም» አልኩ። ሰው ሁሉ አየኝ። መሐላ እንደማልወድ ታውቂያለሽ፤ በዚህ ዕድሜዬ ገበያ መሀል ቆሜ ማልኩ። ዘይኑዲን «ይሁን» ብሎ ተቀበለኝ፤ ዓይኑ ግን አላመነኝም።

አንቺ ሥራው ሥራሽ ነው። ይህን ፎንት ማን እንደሠራው ፈልጊልኝ። ልከሰው አይደለም፤ የት አይቶት እንደሆነ ብቻ ጠይቂልኝ። የሚያውቀኝ ሰው ከሆነ ለዘይኑዲን አንድ ቃል ይጻፍልኝ፤ ሌላ የምፈልገው የለም።

አጎትሽ ዳባ


ናይሮቢ፣ የካቲት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ ጋሼ ዳባ፣ የጌታ ሰላም ይብዛልዎት፤

ስለጠፋሁ ይቅርታ። ለሥራ ሁለት አገር ስዞር ቆይቼ ነው።

ስለ ፎንቱ በጣም አዝኛለሁ። ግን ጋሼ፣ በዚህ ዘመን አንድ ነገር ኢንተርኔት ላይ ከወጣ ማን እንደጀመረው ማወቅ ያስቸግራል። የመንገድ ላይ ጽሑፍ ፎቶ እያነሳ የሚሰበስብ ሰው ብዙ ነው፤ መመሳሰልም ያለ ነው። ዘይኑዲን ታፔላውን ከተቀበለዎት ነገሩን ቢተዉት ይሻላል። ጤናዎን ይጠብቁ።

ብሩሹን ሞገስ ለሚባል አዲስ አበባ ለሚሄድ ሰው ሰጥቼዋለሁ፤ በአውቶቡስ ይደርስዎታል። ስድስት ነው። ደግሞ ጋሼ፣ ሰው ስለ ሥራዬ ቢጠይቅዎት «ናይሮቢ ቢሮ ትሠራለች» ይበሉ እንጂ ዝርዝሩን አይንገሩ። እዚህ መሥሪያ ቤት ስለማይወዱ ነው።

እሴት


ጭሮ፣ መጋቢት 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

እሴት፣ እንደምን አለሽ፤

ስድስቱም ብሩሽ ደርሶኛል፤ አልተጠቀምኩበትም።

ይህን ደብዳቤ በሶፊ በኩል አልላክሁትም። ፎቶ አንስቶ የሚልክልሽ ሾፌሩ በድሪ ነው። በድሪ ማንበብ የሚችለው በቁቤ ብቻ ስለሆነ የጻፍኩትን አያነብም። ለምን እንዲህ እንዳደረግሁ ትረጃለሽ።

ባለፈው ሳምንት በድሪ አይሱዙውን እንደጫነ መጥቶ ከበራችን አቆመ። ወርዶ ሲገባ እኔ ደጃፍ ላይ ተቀምጫለሁ። ሲያየኝ ባለበት ቆመ።

«ጋሽ ዳባ፣ አለህ እንዴ?» አለኝ።

«የት እሄዳለሁ?»

«ሞተ አሉ እኮ። ለልቅሶ ነው የመጣሁት።»

የሾፌሮች ቴሌግራም ላይ እኔ የጻፍኩበት የእሱ አይሱዙ ፎቶ እየዞረ ነው፤ ከሁለት ዓመት በፊት አንቺ ራስሽ ስትመጪ ያነሳሽው። ከሥሩ በቁቤ «የዚህ ጽሑፍ ባለቤት በሕይወት የለም» ይላል። በድሪ ከሚኤሶ ድረስ ሲመጣ ለሎሚ ምን ብሎ እንደሚያጽናናት ሲያስብ ነበር።

ሶፊ ጋ ሄድኩ። ፈልጋ ፈልጋ ቪዲዮ አገኘች። አንቺ ነሽ፣ መድረክ ላይ፣ ከኋላሽ የእኔ ፊደል በትልቁ በርቶ። የምትናገሪው በእንግሊዝኛ ስለሆነ ሶፊ ትተረጉምልኝ ጀመር። ባነር ሊያሳትሙ የመጡ ሦስት ሰዎችም ቆመው ያያሉ። መሀል ላይ ሶፊ ቪዲዮውን አቆመችው።

«ጋሽ ዳባ፣ ልዝጋው?»

«አይ፣ ጨርሺው» አልኳት።

ቀስ ብላ ተረጎመችልኝ። የጽሑፉ ባለቤት ልጅ ሆነሽ በመንገድ ስታልፊ ያየሽው፣ ስሙ የማይታወቅ፣ መኪና ላይ ይጽፍ የነበረ የሞተ ሰው ነው አልሽ። ጽሑፉ ከእሱ ጋር እንዳይቀበር ብለሽ ፎንት እንዳደረግሽው ተናገርሽ። ሰው አጨበጨበ።

ሦስቱ ሰዎች እኔን ያዩኛል። አፌ ላይ የመጣልኝን ተናገርኩ፤ «እሷ የምትለው የእኔን አስተማሪ ነው፤ እኔን ያስተማረኝ ሰውዬ ሞቷል» አልኩ። እኔን ያስተማረኝ ሰው የለም፣ ታውቂያለሽ። ሶፊ ቀና ብላ አላየችኝም። እንግዲህ ስለ አንቺ ብዬ ዋሸሁ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ በሱቋ በኩል ማለፍ ትቻለሁ።

የካቲት ላይ «ፈልጊልኝ» ብዬ የጻፍኩልሽን ደብዳቤ ሳስበው ፊቴ ይግላል። ስታነቢው ምን ተሰማሽ?

ዳባ


ናይሮቢ፣ ሚያዝያ 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ ዳባ፤

ሰላም ለማለት አፍሬያለሁ። ፋሲካም እንኳን አደረሳችሁ ሳልል አለፈ። አራት ጊዜ ጽፌ ቀደድኩት። ይህን በሶፊ በኩል ነው የላክሁት፤ ታንብበው።

እርስዎን ፊደሉን ስጠይቅ ለግድግዳ አልነበረም። በድሮው የባቡር መስመር ቱሪስት ይዞ የሚጓዝ አንድ ድርጅት ፖስተር፣ ቦርሳና ቲሸርት እንድንነድፍለት ሰጥቶን ነበር። ሦስት ሳምንት ኮምፒዩተር ፊት ተቀምጬ ምንም አልወጣልኝም። ከዓለም ዙሪያ የተሠራውን ሥራ ስገላብጥ እውላለሁ፤ ሁሉም ያምራል፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ነው። አንድ ቀን በስልኬ የበድሪን መኪና ፎቶ አየሁና ለአለቃዬ አሳየኋት። «በቃ፣ ይኼ ነው። ማን ነው የጻፈው? አግኚውና ውል አስፈርሚው፣ ስሙም ይግባ» አለች።

እኔም «ሞቷል» አልኳት። እንዲህ ቀላል ነበር።

አስቤበት አልነበረም ብል ግማሹ እውነት ነው። ሌላውን ግማሽ ልንገርዎት። እዚህ ስመጣ ያሳደገኝ ሰው ምን እንደሚሠራ ሲጠይቁኝ «አርክቴክት ነው» ብያቸው ነበር። የሁሉም ወላጅ ትልቅ ሥራ ያለው ነበር፤ እኔ ደግሞ ቀለም የነካው ኮትዎ ዓይኔ ላይ መጣብኝ፤ አፈርኩበት። የጽሑፉ ባለቤት አጎቴ ነው ብል ያ ውሸት ሊወጣ ነው። ስለዚህ እርስዎን ስም የሌለው ሰው አደረግሁዎት። ከዚያ ሰው ሲያጨበጭብልኝ ደስ አለኝ። ይኼም እውነት ነው።

ደብዳቤዎን ሳነብ ምን እንደተሰማኝ ጠይቀውኛል። መጀመሪያ የተሰማኝ «አላወቁም» የሚል እፎይታ ነበር። ከዚያ በራሴ አፈርኩ። ቢሆንም ያንን «ቢተዉት ይሻላል» ያልኩበትን ደብዳቤ ጻፍኩልዎት።

ለአለቃዬ እውነቱን ልንገራት? እርስዎ ተናገሪ ካሉኝ እናገራለሁ።

እሴት


ጭሮ፣ ግንቦት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

እሴት፣ የጌታ ሰላም ይድረስሽ፤

ሶፊ ደብዳቤሽን አጣጥፋ፣ ቤት ድረስ መጥታ ሰጠችኝ። እኔም ስለዋሸኋት ይቅርታ ጠየቅኋት።

ልናገር ወይ ብለሽ እኔን አትጠይቂኝ። የአንቺ ጉዳይ ነው። ኮቴን ያልሽውን ግን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሁለተኛው ይበልጥ አመመኝ።

ሦስት ሳምንት ሙሉ ምን ብዬ እንደምቆጣሽ ሳወጣ ሳወርድ ነበር። ብዕር ባነሳሁ ቁጥር አንድ ነገር ያዘኝ። ልናገረው።

እጄ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ሦስት ዓመት ሆነው። ብዕር ወረቀት ላይ ተደግፎ ይሄድልኛል፤ ብሩሽ ግን እምቢ ይለኛል። መጀመሪያ ሎሚ እኔ በጠመኔ በነደፍኩት ውስጥ ቀለሙን ትሞላልኝ ነበር። እያደር ጠመኔውም አልታዘዝ አለኝ። የግቢውን በር ዘግተን እኔ ተቀምጬ እናገራለሁ፣ እሷ ትጽፋለች። ሲደርቅ እኔ ተሸክሜ እወጣለሁ፤ ከታች «ዳባ» የሚለው ብቻ የእኔ ነው፣ እሱም ተንጋድዶ። ለአንቺ ከላክሁት ፊደል ከሀ እስከ ሸ ያለውን እንደምንም እኔ ጻፍኩ። ከቀ ጀምሮ እስከ መጨረሻው የሎሚ እጅ ነው። ያን ጊዜ «ለእሴት ምን እንበላት?» ብላ ጠየቀችኝ። «ምንም አትበያት» አልኳት።

የዘይኑዲንንም ታፔላ የጻፈችው እሷ ናት። እኔ በጌታ ስም «በእጄ ነው» ብዬ የማልኩት በዚያ ላይ ነው። አልገለበጥኩም ያልኩት እውነት ነው፤ በእጄ ያልኩት ሐሰት ነው። ዘይኑዲን በእውነቱ ጠርጥሮኝ በሐሰቱ አመነኝ።

ስለዚህ ልቆጣሽ ስነሳ የምናገረው ቃል ሁሉ ወደ ራሴ ይመለስብኛል። ይቅር ብዬሻለሁ ለማለትም አፈርኩ። የምትናገሪ ከሆነ ግን የእኔን ስም ብቻውን እንዳትጠሪ።

ዳባ


ናይሮቢ፣ ሰኔ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ ዳባና ለእቴቴ ሎሚ፤

የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ።

ለአለቃዬ ነገርኳት። «በሕይወት ያለ ሰው ሞቷል ብለሽ መድረክ ላይ ስትወጪ አልፈራሽም?» አለችኝ። «የሚያየው አልመሰለኝም» አልኳት። የተናገርኩት ይህን ነው፤ ከአፌ ሲወጣ ነው እኔም የሰማሁት።

አስጎብኚው ድርጅት ፖስተሮቹን አነሳ። እኔም ከዚህ ወር በኋላ እዚያ አልሠራም። ፎንቱን ከቴሌግራም ማጥፋት ግን አይቻልም፤ ማን ጋ እንደደረሰ የሚያውቅ የለም። በራሴ ገጽ በአማርኛም በኦሮምኛም ተናግሬ ቪዲዮ አውጥቻለሁ። ጸሐፊዎቹ ጭሮ የሚኖሩት ዳባና ባለቤቱ ሎሚ ናቸው፣ በሕይወት አሉ፣ ያሳደጉኝ እነሱ ናቸው፣ እኔ ዋሽቻለሁ አልኩ። ስድቡ ብዙ ነው። አንዷ የጭሮ ልጅ «የገዛ አሳዳጊዋን የቀበረች» ብላ ጻፈች። አላጠፋሁትም።

ሐምሌ መጨረሻ ላይ ልመጣ አስቤያለሁ። ቤታችሁ መግባት ካልተፈቀደልኝ ሆቴል አርፋለሁ። እባካችሁ እውነቱን ጻፉልኝ።

እሴት


ጭሮ፣ ሐምሌ 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእሴት፤

ይህን የምጽፈው እኔ ሎሚ ነኝ። ሰላምታዬ ይድረስሽ። ደብዳቤ ጽፌ ስለማላውቅ ወጉን ባላውቅበት አትፍረጂብኝ።

ዳባ ደብዳቤሽን ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበልኝ። ስሜ ጋ ሲደርስ ቆመ፤ ከዚያ ጨረሰው። በማግስቱ «ተነሺ፣ በደሳ እንሂድ» አለኝ። ዘይኑዲን መጋዘኑ በር ላይ ቆሞ አገኘነው። ዳባ ቆቡን አውልቆ «ያን ታፔላ የጻፈችው እሷ ናት። የማልኩልህ በሐሰት ነው» አለው። ዘይኑዲን እኔን አየኝ፣ ታፔላውን አየ። ታፔላውን አውርዱ አላለም። «ምለህልኝ ነበር እኮ» ብቻ አለው። ዳባ እሑድ በጸሎት ጊዜ ምስክርነት የሚሰጥ ሲባል ሊነሳ ብሎ ተቀመጠ። አሁን በጠዋት ወጥቶ፣ ሰው በማያውቀው በኩል ዞሮ ይመለሳል።

ከጉልበቴ በቀር ስለ እኔ ጠይቀሽ አታውቂም። አንቺ እሱን ሞቷል አልሽ። እኔን ግን አለች ያለኝ ሰው አልነበረም፤ እሱም አላለም፣ አንቺም አልጠረጠርሽም። ሦስት ዓመት ሙሉ የከተማው ሰው በጽሑፌ ሥር ሲያልፍ በመስኮት አይ ነበር። ደስ ይለኝ ነበር። ከሁለታችሁ ማንን አስቀድሜ እንደምቀየም እስካሁን አልቆረጥኩም፤ ስትመጪ እንነጋገራለን።

ሆቴል ያልሽውን ተዪው። አልጋሽ አለ። ስትመጪ በምን መኪና እንደሆነ ለሶፊ ንገሪያት።

እሱ መናኸሪያ አይመጣም። «ፊቴን የት አደርገዋለሁ?» ይላል። «እሷስ ፊቷን የት ታድርገው?» አልኩት። እኔ ግን እመጣለሁ፤ ሚኒባሶቹ ከሚቆሙበት ጋ እጠብቅሻለሁ። ስታዪኝ ፎቶ ላንሳ ብለሽ ስልክሽን አታውጪ።

ሎሚ